ያውቁ ኖሯል? ሰማይ ላይ ተኝተው ከሰንዳፋ በታች ያድራሉ

ያውቁ ኖሯል፣ ቢዝነስ ክላስ ውስጥ ወንበሩን አልጋ አድርጎ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ 12 ሺህ ሜትር ላይ የሚያንኮራፋ መንገደኛ ሰንዳፋ ቤቱ ከተኛ ሰው «ዝቅ» ብሎ እንደሚያድር? እላይ ያለው አውሮፕላኑ ነው። ሰውየው የሚተነፍሰው አየር ግን ተጨምቆ የገባለት ነው። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ውስጥ የካቢኑ አየር ቢበዛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ይመስላል፤ በቀደሙት ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ። 1,800 ሜትር ማለት ባሕር ዳር ናት። ሰንዳፋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። እናም ልጃቸው ከዋሽንግተን የቢዝነስ ክላስ ቲኬት የላከላቸው የሰንዳፋ እናት «ኧረ ያን ያህል ከፍታ እኔ አልችልም» ቢሉ፣ እማማ፣ አየሩን በተመለከተ ከደጅዎ ወደ ባሕር ዳር መውረድዎ ነው።

ያውቁ ኖሯል፣ አዲስ አበባን የከበቧት ከተሞች ሁሉ በዚህ ነገር ምስክር መሆን እንደሚችሉ? ሰበታ በጅማ መንገድ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ እሷም ከቦሌ ማኮብኮቢያ ትበልጣለች። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ፣ ሯጮች የሚለማመዱበት ሜዳዋ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው። ስስ አየር ውስጥ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል፤ ሯጮቹም ሰንዳፋና ሱሉልታ የሚወጡት ለዚሁ ነው። ማለዳ በሰንዳፋ አስፋልት ዳር ሲሮጥ የምናየው ልጅ ለማራቶን ወደ አውሮፓ ሲበር፣ ካቢኑ ለሳንባው ዕረፍት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያደገ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ቢቀመጥ ግን ተራራ እንደወጣ ይቆጠርለታል።

ያውቁ ኖሯል፣ ይህን በአንድ የውኃ ጠርሙስ ማረጋገጥ እንደሚቻል? ቦሌ ውስጥ፣ ከፍተሻው ወዲያ የገዙትን ውኃ ግማሹን ይጠጡና ክዳኑን ጥብቅ ያድርጉት። 787 ወይም ኤ350 ላይ ከሆኑ፣ ጥቂት ሰዓት ከበረሩ በኋላ ያውጡትና ይዩት፤ ጎኑ ገባ ብሎ ተጨማዶ ያገኙታል። የቦሌው አየር ከካቢኑ ይልቅ ስስ ስለነበር ነው። ከሌላ አገር፣ ከባሕር ጠረፍ ሲነሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠርሙሱ ይነፋል። ለዚህ ሙከራ ቢዝነስ ክላስ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ኢኮኖሚም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ያውቁ ኖሯል፣ አማርኛችን «ቀጥታ በረራ» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንደሚጠራ? በአየር መንገዶች ቋንቋ «ዳይሬክት» የሚባለው የበረራ ቁጥሩ ሳይቀየር መንገድ ላይ ሊያርፍ የሚችል ነው። «ኖንስቶፕ» የሚባለው ግን ከተነሳ መድረሻው ላይ ብቻ የሚያርፍ ነው። ቲኬት ቢሮ ገብተው «ቀጥታ ነው አይደል?» ቢሉ፣ «አዎ ቀጥታ ነው» ይባላሉ፤ የዋሸዎት ሰው የለም። ሌሊት ላይ ግን መብራት ቦግ ብሎ «ወንበርዎን ያቅኑ» ሲባሉ ያለዎት ደብሊን ነው። እኔ ብሆን «ያለ ማረፊያ ነው?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

እና ለምን ደብሊን? የዚህ አምድ ትልቁ ጉዳይ ይኼ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ያውቁ ኖሯል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ለዓመታት አውሮፕላኑ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ እንደሚመጣ? አውሮፕላኑ ያው ነው፤ ርቀቱም ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ልዩነቱ የመነሻው ቦታ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከመቶ 20 ያህል ይሳሳል። ክንፍ የሚደገፈው በአየር፣ ሞተርም የሚጎርሰው አየር ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ይደክማል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በመሬት ላይ ሲለካ ከመቶ 12 ያህል መጨመር አለበት። የቦሌ ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች 3,800 እና 3,700 ሜትር የሚረዝሙት ያለ ነገር አይደለም። ጎማና ፍሬንም ልክ አላቸው፤ ከዚያ በላይ መሮጥ አይቻልም።

አሁን ሸክሙን እንይ። ቦይንግ 787-8 ሙሉ ነዳጅ ሲይዝ 126 ሺህ ሊትር፣ በክብደት 100 ቶን ገደማ ይሸከማል። ለመነሳት የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ደግሞ 228 ቶን ነው። እንግዲህ ለ13 ሰዓት መንገድ ነዳጅ አጭቆ፣ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ከቦሌ ስስ አየር ላይ መነሳት ይከብደዋል። ያለው ምርጫ ሰው መቀነስ ወይም ነዳጅ ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላት ነው። ደብሊንና ሎሜ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉ፣ ከፍታቸው መቶ ሜትር የማይሞላ ከተሞች ናቸው፤ እዚያ የፈለገውን ሞልቶ ይነሳል። ነፋሱም ሌላ ጣጣ ነው፤ በሰሜኑ ሰማይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ፣ ወደ አሜሪካ ሲኬድ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ከኋላ ይገፋል። ውጤቱ፣ መሄጃው ከ16 ሰዓት በላይ፣ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ። ቶሮንቶም ታሪኳ ተመሳሳይ ነው። ሎስ አንጀለስም በሰኔ 2007 ሲጀመር በደብሊን በኩል ነበር።

ስለዚህ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ለአንድ መንገድ ብቻ ቢዝነስ ክላስ መክፈል የቻለ ሰው የትኛውን ይምረጥ? የኔ ምክር መመለሻውን ነው። 13 ሰዓት የማይቋረጥ አልጋ ለገንዘቡ ይበጃል። በመሄጃው እንቅልፍዎ እኩሌታው ላይ ይቋረጣል። ይህን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው «ስሄድ ደስታው ራሱ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ስመለስ ነው የሚደክመኝ» አለኝ። ሳይንሱን ሳይሰማ ደረሰበት።

ያውቁ ኖሯል፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለ ማረፊያ የመብረር ታሪክ ከብዙ አንባቢዎቻችን ዕድሜ እንደሚበልጥ? ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ ቦሌ አረፈ። በዚያን ጊዜ ለባለሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት የዓለም የርቀት ክብረ ወሰን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አየር መንገዱ የተረከባቸውን በፍጥነት ልለፋቸው። ቦይንግ 777-200ኤልአር ኅዳር 2003፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። ቦይንግ 787 ነሐሴ 2004፤ ከጃፓን ውጪ በዓለም የመጀመሪያው ተረካቢ የእኛው ነበር። ኤርባስ ኤ350 ሰኔ 2008፤ የመጀመሪያው «ሰሜን ተራሮች» ተባለ። ኤ350-1000 በጥቅምት 2017 ማብቂያ፤ አሁንም ከአፍሪካ የመጀመሪያው።

ያውቁ ኖሯል፣ የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መንገደኞች እንደ ሎንችና ከግድግዳ በተያያዘ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው እንደተቀመጡ? መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያ በረራ በሲ-47 ነበር፤ ከጦርነቱ የተረፈ የወታደር ማመላለሻ። ታጣፊ አግዳሚው በጎንና ጎን፣ ዕቃው በመሃል። የዚያን ጊዜ «ቢዝነስ ክላስ» ጉልበትዎ የሌላ ሰው ከረጢት ካልነካ ነው።

ያውቁ ኖሯል፣ ቢዝነስ ክላስ የተወለደው ከቅሬታ እንደሆነ? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ርካሽ ቲኬት ሲበዛ፣ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ነጋዴና የመሥሪያ ቤት ሰው በግማሽ ዋጋ ከገባው ጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ መቀመጡ አበሳጨው። አየር መንገዶች በ1970ዎቹ መጨረሻ መጋረጃ ጋረዱለት። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ መጋረጃውና ትንሽ ሰፋ ያለ ወንበር ነበር። ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ ወደ ቢዝነስ ክላስ የመጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያመጣውም ብሪቲሽ ኤርዌይስ። እስካሁንም በዓለም ላይ ያለው ሁሉ እኩል አይዘረጋም። «አልጋ ይሆናል» ከተባሉት አንዳንዶቹ ተዳፋት ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ እግርጌ ሲንሸራተቱና ሲሳቡ ያነጋሉ። ቲኬት ሲቆርጡ የአውሮፕላኑን ዓይነት መጠየቅ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ያውቁ ኖሯል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላሱን «ክላውድ ናይን» ብሎ የሰየመው እንግሊዞች የደስታን ጫፍ በሚጠሩበት ቃል እንደሆነ? ዘጠነኛው ደመና ማለት ነው። እኛ ደስ ያለው ሰው «ሰባተኛው ሰማይ ወጣ» ስለምንል ቁጥር ላይ አልተገናኘንም።

ያውቁ ኖሯል፣ በኤ350-900 ካሉት 343 ወንበሮች ቢዝነስ 30 ብቻ እንደሆኑ? በ787-8 ከ270 ወንበሮች 24። በአዲሱ ኤ350-1000 ከ395 ወንበሮች 46። በቀደሙት ውስጥ አደራደሩ ሁለት ሁለት ስለሆነ፣ መስኮት ዳር የተኛው ሰው ሌሊት መጸዳጃ ቤት ሲያሻው የጎረቤቱን እግር መሻገር አለበት። በኤ350-1000 ግን አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሆኖ ተደርድሯል፤ ሁሉም በቀጥታ ወደ መተላለፊያው ይወጣል። እኔን ከሻምፓኝ ይልቅ የሚያስደስተኝ ይኼ ነው።

ያውቁ ኖሯል፣ ሰማይ ላይ ምላስ እንደሚደነዝዝ? ሉፍታንዛ በጀርመን ለፍራውንሆፈር ተቋም ባስጠናው ጥናት፣ በካቢን ግፊትና ድርቀት ውስጥ የጨውና የስኳር ጣዕም ከመቶ 30 ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። አፍንጫ ስለሚደርቅ ሽታ ይጠፋል፤ ሽታ ሲጠፋ ደግሞ ምግብ ግማሽ ነፍሱን ያጣል። ጫጫታውም አስተዋጽኦ አለው፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. የሞተር ዓይነት ጩኸት ጣፋጭነትን እንደሚያደበዝዝ፣ የሥጋና የቲማቲም ዓይነቱን ጣዕም ግን እንደሚያጎላ አሳይተዋል። አሁን የበርበሬን ነገር አስቡት። የሚጥሚጣ ማቃጠል ከነጭራሹ ጣዕም አይደለም፤ ሕመም የሚያስተላልፈው ነርቭ ሥራ ነው። ስለዚህ ምላስ ቢደነዝዝም በርበሬ መንገዱን አይስትም። በቢዝነስ ክላስ የቀረበልዎት የፈረንጅ አሳ ለብ ያለ ወረቀት ሲመስልዎት፣ ጎንዎ ያለው ሰው ዶሮ ወጡን እያላበው ይበላል። ምርጫው የእርስዎ ነው፤ እኔ እንጀራው ወዳለበት ነኝ። ጾመኛ ከሆኑ በጾም ወራት የጾም ምግብ አለ፤ ቀድሞ ማስመዝገብ ግን አይከፋም።

ያውቁ ኖሯል፣ ቡና ሰማይ ላይ ከሰንዳፋ ጀበና በተሻለ ሙቀት ሊፈላ እንደሚችል? ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታ ሲጨምር ግፊት ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል። ሰንዳፋ ላይ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው የሚንፈቀፈቀው። በ787 ካቢን ውስጥ 94 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሽሮ ሰንዳፋ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መንተክተክ ያለበትም፣ ባቄላው አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው። እትዬ ጎረቤታችን ይህን ስነግራቸው ጀበናውን ከከሰሉ አነሱና ተመለከቱት፤ ከዚያ መልሰው ጣዱት። «ታዲያ እነሱ ጋ ጭስ አለ? ቄጤማ አለ?» አሉኝ። ቦሌ ላውንጁ ውስጥ የቡና ሥነ ሥርዓት መኖሩን ነግሬያቸው ነው የተለያየነው።

ያውቁ ኖሯል፣ ቢዝነስ ክላስ ውስጥ ከሚያደርጓቸው ነገሮች ሁሉ ለልብ የማይመቸው ጠጥቶ መተኛት እንደሆነ? የጀርመን የአየርና የሕዋ ምርምር ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ጤነኛ ወጣቶችን በ2,400 ሜትር ገደማ የካቢን ግፊት ውስጥ አልኮል አጠጥቶ አስተኛቸው። በእንቅልፋቸው የደማቸው ኦክስጅን ወርዶ፣ የልብ ምታቸው ጨምሮ ተገኘ። ሁለቱ ሲደመሩ ነው የሚከፋው። ጠጅ ቢቀርብልዎት መቅመሱ ደግ ነው፤ በላዩ ወይን፣ በወይኑ ላይ ውስኪ ደርቦ መዘርጋት ግን ሌላ ነገር ነው። ነጻ ነው ተብሎ።

ያውቁ ኖሯል፣ እግር ላይ የሚረጋው ደም «የኢኮኖሚ ክላስ በሽታ» መባሉ ስህተት እንደሆነ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ አደጋውን እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል፤ ክላስ አይለይም፤ አውቶቡስም ባቡርም ቢሆን። አልጋ ላይ የተዘረጋውም ካልተንቀሳቀሰ ያው ነው። ተነስተው ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ።

ያውቁ ኖሯል፣ ብዙ ሰው አውሮፕላን የሚያመልጠው በመንገድ መዘጋጋት ብቻ ሳይሆን በቀን አቆጣጠር እንደሆነ? ቲኬቱ «ማክሰኞ 00፡30» ይላል። በእኛ አነጋገር ይህ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6፡30 ነው፤ ማለትም ሰኞ ራት በልቶ መውጣት ነው። «ማክሰኞ ሌሊት» ብሎ የያዘው ሰው ግን ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን አሳስሮ፣ ዘመድ አስከትሎ፣ ተመርቆ፣ ተለቅሶለት ይመጣና አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን እንዳለፈው ይነገረዋል። በዚያ ላይ የፈረንጅ ቀንና የኛ ቀን፣ የፈረንጅ ሰዓትና የኛ ሰዓት አለ፤ 22፡45 ማለት ከምሽቱ 4፡45 ነው። ከሰንዳፋ የሚነሳ ሰው ለገጣፎን፣ አያትን፣ መገናኛን ማለፍ አለበት፤ የዓርብ ማታ መገናኛ ደግሞ በራሱ የረጅም ርቀት በረራ ነው። ቢዝነስ ክላስ የያዘ ሰው ለብቻው የሆነ የቼክ-ኢን መስመር አለው፤ መገናኛ ላይ ግን ከሚኒባሱ ኋላ ነው የሚሰለፈው።

ያውቁ ኖሯል፣ ከሰበታ አካባቢ የሚነሱ አንዳንድ መንገደኞች ከቢዝነስ ክላሱ በላይ እንክብካቤ እንደሚደረግላቸው? ጽጌረዳዎቹን ነው የምለው። ደጋ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ራሱ ትልቅ፣ ግንዱ ረጅም ይሆናል፤ ገበያው የሚወድለትም ይህንኑ ነው። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ይያዛል፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይገባል፣ በማቀዝቀዣ መጋዘን ያድራል፣ ወደ ቤልጅየሟ ሊዬዥ ወይም ወደ ኔዘርላንድ ይበራል። ሙቀት ካገኘው ዕድሜው ስለሚያጥር ማንም አያስጠብቀውም። ሰው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይድረስ ይባላል፤ አበባ ግን በሰዓቱ ይሳፈራል።

ያውቁ ኖሯል፣ በረጅሙ በረራ ላይ ከቢዝነስ ክላሱም ሌላ የተደበቀ መኝታ እንዳለ? ለአብራሪዎቹና ለአስተናጋጆቹ ነው። በ787 እና በኤ350 ከመንገደኛው ጣሪያ በላይ፣ በጠባብ መሰላል የሚወጣበት፣ ተጎንብሰው የሚገቡበት አልጋ አለ። ለ13 ሰዓት በረራ የሚመደቡት አብራሪዎች ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ ተራ ይገባሉ። እርስዎ ተኝተው ሲያንኮራፉ ከእርስዎ በላይ ሌላ የሚያንኮራፋ አለ፤ ሥራ ላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል፣ ዛሬ የዓለም ረጅሙ መደበኛ በረራ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ ሲሆን 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሸፍንና 18 ሰዓት እንደሚያልፍ? አውሮፕላኑ ኤ350-900 ነው፤ ከእኛዎቹ ጋር ወንድማማች። ነገር ግን ውስጡ ያለው ሰው 161 ብቻ ነው፤ 67 ቢዝነስ፣ 94 የተሻሻለ ኢኮኖሚ። መደበኛ ኢኮኖሚ የለውም። ያን ያህል ለመብረር ሰው መቀነስ ግድ ነው፤ የቦሌው ሒሳብ እዚያም ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ። የአውስትራሊያው ቃንታስ ደግሞ ሲድኒን ከለንደንና ከኒው ዮርክ ያለ ማረፊያ ለማገናኘት 238 ወንበር ብቻ ያላቸውን ኤ350-1000 አዟል።

ያውቁ ኖሯል፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ያህል ዝቅ እንደሚል? ሰፊ መሆኑ ነው በብዛት የሚወራለት። አብራሪን ቢጠይቁት ግን መጀመሪያ የሚያነሳልዎት ይህን 400 ሜትር ሳይሆን አይቀርም፤ ወፍራም አየር ማለት የበለጠ ነዳጅ፣ የበለጠ ነዳጅ ማለት ደብሊን ላይ አለመቀስቀስ ነው። ለሰበታ ሰው መንገዱ ሊመቸው ይችላል። ለሰንዳፋ ሰው ግን እንጃ፤ አሁን ካለው ይርቀዋል።

ያውቁ ኖሯል፣ በ787 ቦሌ ሲያርፉ አውሮፕላኑ እየወረደ ሳለ እርስዎ «እየወጡ» እንደሆነ? ካቢኑ መንገዱን ሙሉ ባሕር ዳር ነበር ብለናል። ቦሌ ግን ከባሕር ዳር 500 ሜትር ትበልጣለች። በሩ ሲከፈት የውስጡና የውጪው ግፊት እኩል መሆን ስላለበት፣ አውሮፕላኑ ከደመና ወደ መሬት ሲወርድ የካቢኑ አየር ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል። ባሕር ጠረፍ ላይ ሲያርፉ ጆሮ ወደ ውስጥ ይጨነቃል፤ ቦሌ ላይ ግን በአብዛኛው በራሱ ይከፈታል። ሕፃናት ቦሌ ሲያርፉ እንደ ሌላው አገር የማያለቅሱት አንዱ ምክንያት ይህ ይሆን እላለሁ፤ ይህ የኔ ግምት ነው።

ከዚያ ሻንጣ ተቀብለው ወደ ሰንዳፋ ይነዳሉ። አያትን አልፈው፣ ለገጣፎን አልፈው፣ ገና እየወጡ ነው። ቤት ደርሰው፣ ሰው ተሳስሞ፣ ሻንጣው መሃል ቤት ተከፍቶ፣ ከዋሽንግተን የመጣው የብስኩት ከረጢት ይወጣል፤ እንደ ኳስ ተወጥሯል። ቀጥሎ እርጎ መሳዩ ክሬም። ልጅቷ ክዳኑን ስታላቅቀው ፊጭ ብሎ ቀሚሷ ላይ ይረጫል። እናትየው «ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሻል?» ይላሉ። የተጣደፈው ክሬሙ ነው፤ የታሸገው ባሕር ወለል አጠገብ ሲሆን የተከፈተው 2,500 ሜትር ላይ ነው።